አያ ይበልጣል እና የደጃችን ኮሶ

አያ ይበልጣል መሞታቸውን የሰማሁት ሥራ ቦታዬ ላይ፣ ለአንዲት እናት የልጇን ሽሮፕ አወሳሰድ እያስረዳሁ ሳለ ነው። ልጃቸው ደውላ "አባባ ሊነጋጋ ሲል አረፉ፤ ቀብሩ ዛሬ ነው" አለችኝ። ስልኩን ስዘጋ መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን ነው ብል ደስ ባለኝ፤ ግን ውሸት ይሆናል። የተሰማኝ እፎይታ ነው። "እንኳንም ቀድሜ ነገርኳቸው" አልኩ ለራሴ። ሽሮፑንም ለሴትዮዋ እንደ አዲስ ከመጀመሪያው አስረዳኋት። ሐዘኑ የመጣው ዘግይቶ፣ ነጠላዬን ልለብስ ቤት ስገባ ነው።

እስከ ባለፈው ጥቅምት ድረስ ከእኚህ ሽማግሌ የምደበቅ ሴት ነበርኩ። እጄን ሰጥቼ አንድ ቃል ገብቼላቸው ነበር፤ ቃሉንም አፍርሻለሁ። ሳልነግራቸው ቢያርፉ ኖሮ ነገሩን ዕድሜ ልኬን ተሸክሜው እዞር ነበር። ቃሉ የአንድ ዛፍ ነገር ነው። ለዛፍ ይህን ያህል መጨነቅ የሚያስቀው ሰው ካለ፣ አያ ይበልጣልን ስለማያውቃቸው ነው።

አያ ይበልጣል ለሰው ግቢ ዛፍ የሚመርጡ ሰው ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚሁ ደብረ ማርቆስ፣ በአንድ ችግኝ ጣቢያ፣ በላስቲክ ከረጢት አፈር ሲሞሉና ችግኝ ሲያፈሉ ኖረው ጡረታ ወጡ። በሺህ እያፈሉ በመኪና የጫኑት ችግኝ ተተክሎ፣ የሚጠይቀው አጥቶ፣ ሲደርቅ ማየት አንገብግቧቸው ኖሯል። ጡረታ የወጡ ዕለት "ከእንግዲህ አንድ በአንድ ነው የምተክለው" አሉ ይባላል። ከዚያ ወዲህ ቤት ሠርቶ ደጁ ላይ አንድ ደህና ዛፍ ማቆም የፈለገ ሰው እሳቸውን ይጠራ ጀመር።

በጋ ከክረምት አንድ አረንጓዴ ካፖርትና ቦት ጫማ ነው የሚያደርጉት። የራሳቸውን በርጩማ በብብታቸው ይዘው ነው የሚመጡት። ነገር ሲያስቡ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ ያኖሩታል፤ እስኪመልሱት ድረስ ምንም ብትጠይቋቸው አይመልሱም። ለሁሉ ነገር አንድ መልስ ነበረቻቸው፤ "እስቲ ተቀምጠን እንየው" ይላሉ። እኔ መድኃኒት በምሰጥበት ጤና ጣቢያ ነርሷ ደም ግፊታቸው መጨመሩን ስትነግራቸው እንኳ "እስቲ ተቀምጠን እንየው" ብለዋት መድኃኒት ለማስጀመር ሦስት ወር ፈጅቶብናል።

የሚገርመው፣ እሳቸው ቤት አንድም ዛፍ አልነበረም። የሚኖሩት የቀበሌ ቤት ነው፤ ግቢው ጥቂት ጤና አዳምና አንድ ጌሾ ከያዘ ሌላ አይችልም። ባለቤቴ ደሳለኝ ነገረኛ ነውና አንድ ቀን "ለራስዎስ ምን መረጡ?" ቢላቸው "ለራሴ ቢሆን ኖሮ እስካሁን አልወስንም ነበር" አሉት።

እኛ ዘንድ የመጡት ቤታችን ገብተን ዓመት ሳይሞላን ነው። ያኔ አባቴ ሞቶ፣ እናቴን ከሮብ ገበያ በላይ ካለው ቀያችን አምጥተን ከእኛ ጋር አስቀምጠናት ነበር። የተሻለውን ክፍል፣ ወደ ግቢው የሚያየውን፣ ለእሷ ለቀቅንላት። እሷ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታ ትውላለች። ቅዳሜ ሲመጣ ልብሷን ጠቅልላ በነጠላ ትቋጥርና "የዛሬ ሳምንት እሄዳለሁ" ትላለች። የምትሄድበት ቤት ተዘግቷል፤ መሬቱን የሚያርሰው ወንድሜም ቤቱ ከወንዙ ማዶ ነው። እዚያ ብቻዋን ሆና አንድ ጠዋት ሞታ እንዳትገኝ እፈራ ነበር። ፍርሃቴን ለማንም አልተናገርኩም፤ ቋጠሮውን እየፈታሁ ልብሱን መልሼ ሳጥን ውስጥ ማስገባት ነበር ሥራዬ።

የዛፉ ነገር መጀመሪያ ከእናቴ ጋር አይገናኝም ነበር። ደሳለኝ ግንበኛ ነው፤ ቤቱን በእጁ ነው የሠራው። ግቢው መሀል ሆቴሎች በር ላይ የሚታየው ዓይነት ዘንባባ ማቆም ፈለገ። እኔ ደግሞ ጃካራንዳ አልኩ፤ ሐምራዊ አበባው ሲረግፍ ደጄን እንዲያለብስልኝ። ሁለት ወር ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ የሥራ ባልደረባዬ "ከምትፋቱ አያ ይበልጣልን ጥሯቸው" አለችኝ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የመጡት በማለዳ ነው። ግቢው መሀል በርጩማቸውን አኑረው ተቀመጡ። ስለ ዛፍ ምንም አላነሱም። የጣሪያው ውኃ የት እንደሚወርድ፣ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ የት እንደሆነ፣ እንጨት የት እንደምንከምር ጠየቁ። ከዚያ "ከዚህ ቤት ቀኑን ሙሉ የሚውል ማነው?" አሉኝ።

"እናቴ።"

"የት ናቸው?"

"ተኝታለች።"

"አሟቸው ነው?"

"ኧረ ደህና ናት። አባታችን ከሞተ ወዲህ እንዲህ ናት።"

ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። የቀረበላቸውን ጠላ ጠጥተው "እመለሳለሁ" ብለው ሄዱ። ደሳለኝ "ይሄ ነው ባለሙያው?" ብሎ ቀኑን ሙሉ ሲስቅብኝ ዋለ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መጡ። እንደገቡ "ነይ እስቲ፣ እዚህ ጋ ቁሚ" አሉኝና ግቢው መሀል አቆሙኝ። "እጅሽን ዘርጊ። ዛፉ አንቺ ነሽ። እስክጠራሽ እንዳትንቀሳቀሽ።"

እኔ ለሰፈሩ ሁሉ መድኃኒት የምሰጥ፣ ሰው የሚያከብረኝ ሴት ነኝ። አጥራችን ያኔ የባሕር ዛፍ አጣና ስለነበር መንገደኛው ሁሉ በቀዳዳው ያየኛል። ደሳለኝ በረንዳው ላይ ሳቅ ሲያፍነው አይተው "አንተም ተራህ ይደርሳል" አሉት። ከዚያ ወደ ቤት ገቡ። ሳሎን ተቀምጠው በመስኮት አዩኝ፤ ወጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመው አዩኝ። መጨረሻ ላይ የእናቴን በር አንኳኩተው "ቢፈቅዱልኝ ከእርስዎ ጋ ሆኜ አንድ ነገር ልይ" ሲሉ ሰማሁ። መስኮቱ ክፍት ስለነበር ድምፃቸው እኔ ጋ ይደርሳል።

"እስቲ ወደዚህ ዞር ይበሉልኝ። ምን ይታይዎታል?"

እናቴ ስትዞር አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ። "ክንድ ይታየኛል" አለች።

"የማን ነው?"

"የልጄ ይመስለኛል። ምን ሆና ነው?"

"ዛፍ ናት።"

ከዚያ እናቴ ሳቀች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ያን ቀን ነው። ክንዴ ዝሎ ነበር፤ ግን አላወረድኩትም።

"እዚያ ከሆነች ክንዷ ነው እንጂ እሷ አትታየኝም" አለች እናቴ፣ አሁንም እየሳቀች። "ወደ አጥሩ ትጠጋ።" ተጠጋሁ። "ጨምራ ትጠጋ።" አሁንም ተጠጋሁ፤ አጥሩን ልነካው ምንም አልቀረኝም። "አሁን ሙሉውን ታየችኝ" አለች። አያ ይበልጣል ወጥተው የቆምኩበት ቦታ ላይ ትንሽ ችካል መቱ።

ቦታው እንዲህ ተገኘ። ዓይነቱ ቀረ። በሳምንቱ ሦስት ችግኝ በላስቲኩ ይዘው መጡና ዝናብ በማይደርስበት በረንዳ ላይ፣ ከእናቴ በር አጠገብ ደረደሯቸው፤ ጃካራንዳ፣ ዘንባባና ኮሶ። እኔንና ደሳለኝን ለብቻ ጠርተው "ሁለታችሁም ውኃ እንዳታጠጧቸው። ለማንም እንዳትናገሩ" ብለው አስጠነቀቁን። ነገሩ ግራ ገባን። ለጠራናቸው ሰው መታዘዝ ስላለብን እንዳሉን አደረግን። በየቀኑ ስወጣ ስገባ ጃካራንዳዬ ቅጠሉ ሲጠወልግ እያየሁ አንጀቴ ያርራል።

ቅዳሜ መጡና ጎንበስ ብለው ጣታቸውን በየላስቲኩ አፈር ከተቱ። የጃካራንዳው አፈር ደረቅ ነው። የዘንባባውም ደረቅ ነው። ከኮሶው ያወጡት ጣት ግን ጭቃ ይዞ ወጣ።

"ይህን ማን አጠጣው?" አሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

እኔና ደሳለኝ ተያየን። ከክፍሉ ውስጥ እናቴ መለሰች፤ "ጠምቶት ነበር።"

ለካ ሁላችን ሥራ ስንሄድ ትነሣ ኖሯል። ከአልጋዋ እስከ በረንዳው፣ ከበረንዳው እስከ ቧንቧው፣ ጆግ ይዛ። ከቀያችን ቤት ጓሮ ኮሶ ነበረ፤ እኔ ከተማ ኖሬ ረስቼዋለሁ እንጂ ጥላው ሥር ነው ያደግሁት። እንደ ልማዷ ልብሷን ትቋጥራለች ብዬ ስጠብቅ፣ እሷ ያን ቅዳሜ ምንም አልቋጠረችም።

ደሳለኝ ግን በቀላሉ እጅ አልሰጠም። "ኮሶ? ሰው ደጁ ላይ ኮሶ ይተክላል? የእኔ ሚስት በመሥሪያ ቤቷ የኮሶ ክኒን ታድላለች፤ አሁን ደግሞ ሥራዋን ቤቷ አመጣች ሊባል ነው።"

"አበባው ሲንጠለጠል አይተሃል?" አሉት አያ ይበልጣል።

"አላየሁም።"

"ሴቷ ኮሶ ቀይ ዘለላ ታወርዳለች፣ ክንድ የሚያህል። ግንዱም ቀላ ብሎ ይላጣል። ሰው መድኃኒቱን ስለጠላ ዛፉን አያየውም። እስቲ ተቀምጠን እንየው።"

ሐምሌ ላይ ተከልነው። ጉድጓዱን የቆፈረው ደሳለኝ ነው። አፈሩን በእጃቸው ከጠቀጠቁ በኋላ አያ ይበልጣል በጭቃ እጃቸው እጄን ያዙኝ። "ልትቆርጡት ያሰባችሁ ቀን መጀመሪያ እኔን ጥሩኝ" አሉኝ። "አትቁረጡ አልልም። ቤት ይጠባል፣ ልጅ ይዳራል፣ ብዙ ነገር አለ። ጥሩኝ ብቻ። ሳልሰማ በመንገድ ሳልፍ ባዶ ቦታ ሲያጋጥመኝ ያመኛል።" ለሁሉም ሰው የሚያስገቡት ቃል እንደሆነ በኋላ ነው የሰማሁት። "እጠራዎታለሁ" አልኳቸው። ይህን ለማፍረስ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ አላሰብኩም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልናገር። እናቴ መጀመሪያ ኮሶውን ለማጠጣት ወጣች። ቀጥሎ ለማየት ብቻ ወጣች። ቀጥሎ በርጩማ አስወጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። አጥሩ ቀዳዳ አለውና መንገደኛ ሴት ሰላም ትላታለች፤ እሷም ትመልሳለች። በሁለተኛው ዓመት የሰፈሩን ሴቶች ሁሉ በስም ታውቅ ጀመር። በሦስተኛው ዓመት ኮሶው አጥሩን ሲያልፍ እናቴ የጽዋ ማኅበር ገብታ ነበር። ስለ ቋጠሮው ማንም አላነሳም፤ እኔም ደፍሬ አላነሣሁም።

አያ ይበልጣል እሑድ እሑድ ማርያም ሲሄዱ በበራችን ያልፋሉ። ቀና ብለው የኮሶውን አናት ያዩና ይሄዳሉ። መስቀል አልፎ ጭቃው ሲደርቅ ደግሞ በዓመት አንዴ ገብተው ዙሪያውን ይዞራሉ፤ ቅርንጫፉን ይነቀንቃሉ፤ እናቴን "እንዴት ከረሙ?" ይሏታል። እሷም "እሱ ደህና ነው፣ እኔም ደህና ነኝ" ትላቸዋለች፤ ሁልጊዜ በዚህ ቅደም ተከተል።

ከተተከለ በሰባተኛው ዓመት፣ አበባውን ሳናይ፣ መንገዱ ሊሰፋ መሆኑ ተነገረን። በእኛ መስመር ያለው ቤት ሁሉ አጥሩን ወደ ውስጥ እንዲያስገባ የሳምንት ጊዜ ተሰጠው። የሚያከራክር ነገር አልነበረውም፤ መንገዱ ጠባብ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ሲለካ ኮሶው ከመስመሩ ውጭ፣ መንገዱ ውስጥ ሆነ።

ደሳለኝ "ሰውዬውን ጥሪያቸው" አለኝ። "ነገ እደውላለሁ" አልኩ። በማግስቱም "ነገ" አልኩ። ስልኩን እይዘዋለሁ፤ ስማቸውን አወጣዋለሁ፤ ድምፃቸውን መስማት እፈራለሁ። መጥተው ግንዱን ይዘው ዝም ብለው ሲቆሙ ይታየኛል። ዛፍ ቆራጩ ለሰኞ የተቀጠረ ነበር፤ ሌላ ሥራ ደረሰበትና ቅዳሜ መጣ። እኔ ተረኛ ነበርኩ። ቤት ስደርስ ግንዱ ተጭኖ ሄዷል፤ የቀረው ቀላ ያለ ሰጋቱራ ነው። እናቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ "ቆረጡት" አለችኝ። ቀጥ ብዬ ክፍሏ ገብቼ አልጋዋ ሥር አየሁ፤ ቋጠሮ የለም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ተደባቂ ሆንኩ። ገበያ መሀል ካፖርታቸውን ከሩቅ ሳይ ወደ ሌላ መተላለፊያ እታጠፋለሁ። አንድ ጊዜማ ድንገት ፊት ለፊት ሊገጥሙኝ ሲሉ የጤፍ ጆንያዎች ኋላ ቁጢጥ አልኩ፤ ባለ ጤፏ "ምን ጠፋሽ፣ እታለም?" ብላ አብራኝ መሬት መፈለግ ጀመረች። የግፊት መድኃኒታቸውን ሊወስዱ ሲመጡ መጋዘን እገባና ባልደረባዬ ትሰጣቸዋለች። በበራችንም ማለፍ ተዉ። "ተቀይመዋል" አልኩ። ተቀይመዋል ማለት አውቀዋል ማለት ነው፤ ካወቁ ደግሞ ምን ብዬ ልግባ። ይኸው እንደዚህ ስል ሁለት ዓመት ሊሞላ ሆነ። መድኃኒቱንም ልጃቸው ትወስድላቸው ጀመር።

ጥቅምት ላይ ልጃቸው የመድኃኒት መስጫው መስኮት ጋ መጥታ "አባባ አልጋ ይዘዋል። እንግዲህ የሚነሡ አይመስሉም" አለችኝ። እጄ ላይ ያለውን እሽግ የት እንዳኖርኩት አላውቅም። ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት፤ የተደበቅኩትንም ጭምር፣ የጆንያውንም። አዳምጣኝ ስትጨርስ "ተነሽ፣ ነጠላሽን ልበሽ" አለች።

በእግራችን ሄድን። የሩብ ሰዓት መንገድ ነው፤ አንድ ሰዓት ፈጀብን። እናቴ በየደጁ ሰላም የሚላት ሰው አላት። "አንዷ ታማለች፣ ለአንዷ ጌሾ ልልክላት ነበር" እያለች በየበሩ ትቆማለች። እኔ ሰውዬው እስክንደርስ ይሞታሉ ብዬ በመንገዱ ዳር እንቆራጠጣለሁ።

ከስተው ነበር፤ ባርኔጣው ከራስጌያቸው ተሰቅሏል። ከሰላምታው ቀጥዬ፣ ሳልቀመጥ፣ ሁሉንም ተናገርኩት። መንገዱን፣ ስልኩን፣ "ነገ" ያልኩትን። ጨርሼ መሬት መሬት አየሁ።

"ተቀመጪ" አሉኝ። "አውቃለሁ። በተቆረጠ ማግስት፣ እሑድ፣ ማርያም ስሄድ አየሁት። አናቱን ባጣው ቆምኩ።"

"ታዲያ ለምን አልገቡም?"

"ገብቼ ምን ልልሽ? ቃልሽን ያፈረስሽው አንቺ፣ ምክንያት የምትፈልጊው አንቺ፣ የምትለምኚው አንቺ ልትሆኚ። ሰው በገዛ ደጁ አይዋረድም ብዬ አለፍኩ። ኋላ ደግሞ ገበያ ላይ የሰው ጤፍ ሥር ስትገቢ አየሁሽ።" ሳቅ ሊያደርጉ ሲሉ ሳል ያዛቸው። "ይህችን ሴት እንዲህ ማሳደድ ኃጢአት ነው አልኩና መንገዱን ተውኩት። ሚካኤል መሄድ ጀመርኩ። ያው ቤተ ክርስቲያን ነው። መድኃኒቱንም ልጄ ታምጣልኝ አልኩ፤ መጋዘኑ ብርድ ነው ይባላል።"

ዕድሜያቸውን ሙሉ የሳሙትን ደብር የለወጡት እኔ ቀና ብዬ እንድሄድ ኖሯል። እኔ ስደበቅባቸው እሳቸው ይደበቁልኝ ነበር። አለቀስኩ። ከሐዘን ግን አይደለም፤ ሁለት ዓመት ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር ሲነሣ ነው። ለእኔ ብቻ እንዲህ አድርገው እንደሆነ ስጠይቃቸው "አንቺ ብቻ መሰልሽ?" አሉኝ። "በዚህ ከተማ የማልሄድባቸው መንገዶች በዝተዋል። ሰው ዛፍ ይቆርጣል፣ ለእኔ መንገር ያፍራል። አሁንማ ወጥቼ ልዙር ብል በየት እንደምሄድ አላውቅም።"

ትንሽ አርፈው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ጥፋቱስ የእኔም አለበት። መንገዱ ጠባብ ነበር፤ አንድ ቀን መስፋቱ እንደማይቀር ሳየው ገብቶኛል። እናትሽ ወደ አጥሩ ትጠጋ ሲሉ፣ አይሆንም፣ ይህ ቦታ አንድ ቀን ይወሰዳል ማለት ነበረብኝ። ግን ከአልጋቸው ሙሉ ሆኖ የሚታየው እዚያ ብቻ ነበር። ዝም አልኩ። ያልነገርኳችሁ ነገር ከሆዴ አልወጣም ነበር።"

እናቴ እስካሁን ከልጃቸው ጋር ስለ በርበሬ ታወራ ነበር። ዞር ብላ "ለእኔ ብላችሁ ነው እንዴ ሁለታችሁ እንዲህ የከሳችሁት?" አለች። "እንጨት ነው፤ ተተከለ፣ አደገ፣ ተቆረጠ። እኔ እንደሁ አፈር አልገባሁ። በሉ እኔ ቶሎ ልሂድ፣ የማኅበር ጠላ ጠንስሼ ነው የመጣሁት።"

"በእግርዎ ነው የመጡት?" አሏት አያ ይበልጣል።

"ታዲያ በምን?"

"ቤት ይውላሉ?"

እኔ መለስኩ፤ "ኧረ ቤት አናገኛትም። ምሳ እንኳ ከጎረቤት ነው የምትበላው።"

ዓይናቸውን ጨፈኑ። "እንግዲያ ኮሶው ሥራውን ጨርሶ ነው የሄደ" አሉ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ መድኃኒታቸውን ራሴ አደርስላቸው ነበር።

ቀብራቸው ሚካኤል ሆነ። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ውስጥ አግዳሚው ላይ ሳለሁ አንድ ጠና ያለ ሰው አጠገቤ ተቀመጠ። ሱቅ ያለው ሰው ነው፤ በዓይን እንጂ በስም አላውቀውም። የተሰጠውን ንፍሮ ይዞ አይበላም። ሲቆይ፣ ለእኔ ይሁን ለራሱ ሳይለይ፣ "ቂም ይዘውብኝ ነው የሞቱት" አለ።

"ምን አድርገዋቸው?" አልኩት።

"የመረጡልኝን ዝግባ ለሰርቪስ ቤት ብዬ ሳልነግራቸው አስቆረጥኩት። ከዚያ ወዲያ በደጄ አልፈው አያውቁም። እኔም ቀርቤ ይቅርታ አላልኩ።"

"አልተቀየሙም" አልኩት። "እርስዎ እንዳያፍሩ ነው መንገድ የለወጡት።"

ዞሮ አየኝ። "ማን ነገረሽ?"

"ራሳቸው። እኔም የእርስዎ ቢጤ ነኝ።" ያሉኝን ሁሉ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ሰውዬው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ከንፍሮው ዘገነና ሁለት ጊዜ ጎረሰ። ቀጥሎ በወዲያኛው ጎኑ አንገቱን ደፍቶ ወደተቀመጠው፣ እኔ ወደማላውቀው ሰው ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እኔ የነገርኩትን ሁሉ ይነግረው ጀመር፤ ያም ሰው ቀስ እያለ ቀና ሲል አየሁት።